የመምህር ወልደኣብ ግራ እጅ

ሰኞ ጠዋት ተገኝ የሚባል ግዙፍ ሰው ኦሮራ ከተማ ፖሊስ ጣቢያ ገብቶ ሰው ገድያለሁ አለ። እንግሊዝኛው አይታማም፤ የተቀበለው ፖሊስ ግን ደጋግሞ ጠይቆት ነገሩ ሊገባው አልቻለም። በምን ገደልከው ሲለው «በእጄ» አለ። መታኸው ወይ ሲለው «ኧረ አልመታሁም» አለ። ታዲያ ምን አድርገኸው ነው ሲለው ጥቂት አሰበና «ነካኋቸው» ብሎ መለሰ። ፖሊሱ እስክሪብቶውን አስቀምጦ ወደ ሴንቴኒያል ከተማ ስልክ ደወለ።

እዚያ በአስከሬን ምርመራ ቢሮ ዓለምነሽ የምትባል መርማሪ አለች። ሥራዋ ሰው በድንገት ሲሞት ቦታው ድረስ ሄዳ አሟሟቱን ማጣራት ነው። በፈረንጆቹ የሁለት ሺህ ሰባት ጃንዋሪ ለእሷ መልካም ወር አልነበረም። ከፈረንጆች ገና በፊት የወረደው ትልቅ በረዶ ከመንገድ ዳር ገና አልቀለጠም፤ በረዶ ሲጠርግ ልቡ የቆመው፣ በረዶ ላይ አዳልጦት የወደቀው ሁሉ እሷ ጋ መምጣቱን አላቋረጠም። ጉልበቷ ያማታል፣ እንቅልፍ ከጠገበች ቆይታለች፣ የሰው ለቅሶ መስማት ሰልችቷታል። መሰልቸቷንም አትደብቅም። ፖሊሱን አዳምጣ ስትጨርስ «ነካኋቸው ነው ያለው?» ብላ ጠየቀችና ኮቷን አነሳች።

ሟቹን ቀድማ አይታቸዋለች። መምህር ወልደኣብ ይባላሉ። አስመራ ተወልደው አማርኛ ተምረው ያደጉ ሰው ናቸው። በደርግ ዘመን መንግሥት እርሻ እንዲማሩ ቤጂንግ ቢልካቸው፣ ከእርሻው ይልቅ ጠዋት ጠዋት መናፈሻ ውስጥ ከሽማግሌዎች የተማሩት ታይቺ የሚባል ዝግ ያለ የቻይና ስፖርት ልባቸውን ወሰደው። ኦሮራ መጥተው ታክሲ ነዱ፤ ጡረታ ሲወጡ ሀቫና መንገድ ላይ ከአንድ ምንጣፍ ሱቅ ጀርባ አዳራሽ ተከራይተው፣ በስተኋላ ባለችው ክፍል እየኖሩ፣ ያወቁትን ማስተማር ጀመሩ። ቅዳሜ ዕለት በልምምድ መሀል ወደቁና አምቡላንስ ውስጥ አረፉ።

ከመሄዷ በፊት አስከሬኑን የመረመረውን ሐኪም ጠየቀችው። እሱም እንደሷ ደክሞታል።

«ከራስ ቅላቸው ሥር በቀኝ በኩል ደም ተጠራቅሟል» አላት። «ከፊሉ የቆየ ነው፤ የተቃጠለ የሞተር ዘይት መስሏል። ከፊሉ ትኩስ ነው። ከሳምንታት በፊት አንድ ነገር ጭንቅላታቸውን መቷቸዋል። ደም የሚያቀጥን መድኃኒት ስለሚወስዱ ሳይቆም ቀስ እያለ ደማ። ቅዳሜ ደግሞ በኃይል ደማ።»

«ቅዳሜ አንድ ሰው ገፍቷቸው ይሆን?»

«ሊሆን ይችላል። አይደለም ብዬ መፈረም አልችልም።»

ተገኝን ፖሊስ ጣቢያው ውስጥ እጆቹን ጃኬቱ ኪስ ውስጥ ከትቶ ተቀምጦ አገኘችው። ለሰላምታ እጇን ስትዘረጋለት ቀና ብሎ አየና አንገቱን ብቻ ሰበር አደረገ፤ እጁ ከኪሱ አልወጣም።

«ይቅርታ ያድርጉልኝ» አላት። «ሰው መንካት ትቻለሁ።»

ሥራው አረጋውያን መጦሪያ ውስጥ ነው። ሽማግሌዎችን ከአልጋ ያነሳል፣ ያጥባል፣ ወንበር ላይ ያስቀምጣል። ከቅዳሜ ወዲህ ሺፍቱን ሁሉ ካንስል አድርጓል።

«ልጄ ትናንት ከቸርች ስንመለስ ልታቅፈኝ መጣች» አለ። «ሸሸኋት። ሔርሜላ፣ ባለቤቴ፣ አበድክ ወይ አለችኝ። ምን ልበላት? እንደ መምህር ቢያደርጋትስ ይሄ እጅ?»

«ተረጋጋ። ከመጀመሪያው ንገረኝ። ምን ነበር የምታደርጉት?»

«መገፋፋት ነው የምንለው። ሁለት ሰው ፊት ለፊት ቆሞ ክንዱን ያነካካል። ሳንለቃቀቅ ቀስ እያልን እንገፋፋለን። ሲገፉህ ትላላለህ፣ የሰውየውን ሚዛን በክንድህ ታዳምጣለህ፣ ቀዳዳ ስታገኝ ትገፋለህ። መምህር ከነኩህ እስከ ግድግዳው ትበራለህ። እሳቸውን የገፋ ሰው ግን የለም። ቅዳሜ ተራው የእኔ ሆነ። ግራ እጃቸው ባዶ ነበር፣ ምንም የሚገፋ ነገር የለውም። በዚያ በኩል ትንሽ ገባሁ፤ ከዚያ ወደቁ።»

«ደረታቸው ላይ ምንም ምልክት የለም እኮ። ክንዳቸውም ላይ።»

«ውስጣዊ ኃይል ምልክት አይተውም» አለ ተገኝ፣ የተማረውን ትምህርት እንደሚመልስ ተማሪ። «አጥንት አይሰብርም፤ ገብቶ ውስጥ ነው የሚፈነዳው። ሀብተጊዮርጊስ እዚያው አስረድቶኛል። ከተማሪዎቹ ሁሉ ነባሩ እሱ ነው። ያንተ ጥፋት አይደለም፣ ኃይሉ ሳታውቀው ነው የወጣው አለኝ።»

«ደግ ሰው ነው» አለች ዓለምነሽ። ከድምጿ ምን ማለቷ እንደሆነ ለማወቅ አስቸጋሪ ነበር። «ሲወድቁ ወዴት ነው የወደቁት?»

«አላስታውስም። ያዝኳቸው መሰለኝ።»

ፖሊሱ ከበር ላይ አነጋገራት። ሰውየው ራሱ አምኗል፣ ሐኪሙም አልካደም፤ ስለዚህ በሚቀጥለው ሳምንት ጉዳዩን ለአቃቤ ሕግ ያስተላልፋል። ዓለምነሽ እስከዚያ ድረስ እንዲታገሳት ለመነችው። መለመን አትወድም።

በማግስቱ አዳራሹን የከፈተላት ሀብተጊዮርጊስ ነበር። ሃምሳን የተሻገረ፣ ቀጭን፣ ሸሚዙ የተተኮሰ ሰው ነው፤ ዳውንታውን ኢንሹራንስ ቢሮ ይሠራል። ከሟቹ ሌላ ቁልፍ ያለው እሱ ብቻ መሆኑን ነገራት። ሲናገር ድምፁን ዝቅ አድርጎ ነው፤ ዓይኑ ቀልቷል፤ ሐዘኑ የእውነት እንደሆነ ዓለምነሽ አልተጠራጠረችም። ስንት የውሸት ሐዘን አይታለች።

አዳራሹ ባዶ ነው፤ ወንበር እንኳ የለውም። በአንደኛው ግድግዳ ላይ አሮጌ ፍራሾች ከጫፍ እስከ ጫፍ ተደርድረዋል።

«ተማሪው የሚበረው ወደዚህ ነው» አለ ሀብተጊዮርጊስ። «መምህር ሁልጊዜ በመስኮቱ በኩል ነው የሚቆሙት።»

ዓለምነሽ ወደ መስኮቱ ሄደች። ከመስኮቱ ሥር ክፍሉን የሚያሞቅ አሮጌ የብረት ራዲያተር አለ። ሹል ማዕዘኑ ከሶፋ በተቀደደ ወፍራም ስፖንጅ ተሸፍኖ፣ ስፖንጁ በቡናማ ፕላስተር ከቧንቧው ጋር ጥብቅ ተደርጎ ተጠምጥሟል። ፕላስተሩ አዲስ ነው፤ አቧራ እንኳ አልያዘም።

«ይሄን ማን አሰረው?»

«እ... መምህር ይሆናሉ። ሰው እንዳይጎዳ ብለው።»

«መምህርን የሚገፋ ሰው አለ እንዴ?»

«የለም። ኖሮም አያውቅ።»

ወደ ጫማ መደርደሪያው ዞረች። የሟቹ የጨርቅ ጫማ ተለይቶ ተቀምጧል። የቀኙ ደህና ነው። የግራው ግን ከአውራ ጣቱ ላይ ከመሬት ጋር ሲፋቅ ከርሞ ተበስቷል። መልሳ አስቀመጠችውና ጉልበቷን ይዛ ቀና አለች።

«እርስዎ ከእሳቸው ጋር መጨረሻ የተለማመዱት መቼ ነው?»

«ከበረዶው በፊት። በረዶው ጊዜ አዳራሹ ዝግ ነበር። እኔም የምኖርበት ግሌንዴል መኪናዬ በረዶ ውስጥ ተቀብሮ፣ እስከ እኛ ገና ማግስት ድረስ አላየኋቸውም። ከተከፈተ በኋላ ደግሞ ተራዬን ለታናናሾቼ ለቀቅኩ። እነሱም ይማሩ ብዬ ነው።»

«ተገኝ ስለ ግራ እጃቸው ነግሮኛል።»

ሀብተጊዮርጊስ የሚወደውን ጉዳይ ስላነሳችለት ፊቱ ትንሽ ፈታ አለ። «ባዶነት እንለዋለን። የመጨረሻው ደረጃ ነው። ስትገፋው የሚቃወምህ ነገር ታጣለህ።»

«ቆሜ ባይ አውቀው ነበር?»

«አያውቁትም። ይሄ በዓይን አይታይም ወይዘሮ ዓለምነሽ። ሠላሳ ዓመት ቆመው ቢያዩ አይታይም። በክንድ ብቻ ነው የሚታወቀው።»

«እሳቸው ይናገሩ ነበር? አሁን እዚህ ደርሻለሁ ይሉ ነበር?»

«መምህር? በጭራሽ! ስለራሳቸው አንዲት ቃል ተናግረው አያውቁም።»

ዓለምነሽ አመስግናው ወጣች። መኪናዋ ውስጥ ተቀምጣ ሞተሩ እስኪሞቅ ድረስ ዓይኗን ጨፈነች፤ ሲያዩዋት የተኛች ትመስላለች።

ሌላዋን ተማሪ ፋጥማን ያገኘቻት ከምትሠራበት የልጆች መዋያ ነው። ፋጥማ አርባ ዓመት ገደማ ናት፣ ፈጣን፣ ለእያንዳንዱ ነገር መልስ ያላት። ከተማሪዎቹ ሁሉ እጇ ጥሩ እንደሆነ ሌሎቹ ይመሰክሩላታል። መምህር ግን የሴቶች ክፍል እንድትከፍት አልፈቀዱላትም፤ በዚህም ተቀይማ ነበር።

«ተቀይሜያለሁ፣ አልደብቅሽም» አለች። «ግን አባቴ ነበሩ። በቃል ከማስረዳሽ እጅሽን አምጪ።»

በልጆቹ ምንጣፍ ላይ ቆመው አንጓ ለአንጓ ተነካኩ። ዓለምነሽ እንደነገረቻት ቀስ አድርጋ ገፋ ስታደርግ ፋጥማ በሁለት እግሯ ነጥራ እስከ መጫወቻው ሳጥን ድረስ ወደ ኋላ ሄደች። ዓለምነሽ ደነገጠች።

«እኔ እኮ ምንም አልገፋሁም!»

ፋጥማ አፍራ ሳቀች። «ልማድ ሆኖብኝ ነው። የመምህር እጅ ደረትሽ ላይ ሲያርፍ ሰውነትሽ ቀድሞ ይዘላል። መጀመሪያ እውነት ነው የሚወረውሩሽ፤ ኋላ ግን... እንጃ። የትኛው የእሳቸው፣ የትኛው የእኔ እንደሆነ አላውቀውም። ከሁላችን ርቆ የሚበረው ሀብተጊዮርጊስ ነበር። ባዛር ላይ ሲያሳዩ ሰው ሁሉ ያጨበጭብ ነበር። ከበረዶው ወዲህ ግን አንድ ቀን እንኳ ክንዳቸውን ሲነካ አላየሁትም።»

«ግራ እጃቸው ላይ የተለየ ነገር አየሽ?»

«አየሁ! ሰው የሌለበት እጅጌ ነበር የሚመስልሽ። ቀናሁባቸው። ቤቴ በመስታወት ፊት እጄን እንደዚያ ለማድረግ ስሞክር ከረምኩ። ጣታቸው ሁሉ ከመላላቱ የተነሳ የኮታቸውን ቁልፍ እንኳ የምቆልፍላቸው እኔ ነበርኩ።»

ዓለምነሽ ልትናገር አፏን ከፍታ ተወችው። ይህን አሁን ብትነግራት ልጆቹ ፊት ታለቅሳለች።

«ራዲያተሩ ላይ ያለው ስፖንጅስ?»

«ከገና በኋላ አዳራሹ ሲከፈት እዚያው አገኘነው። ማን እንዳሰረው አላውቅም።»

ያነጋገረቻቸው የመጨረሻው ተማሪ አቶ ሳልሕ ነበሩ። የመምህር የታክሲ ዘመን ጓደኛ ናቸው፤ ሰባን ደፍነዋል። ከኮልፋክስ መንገድ ፈቀቅ ብሎ ባለው አፓርታማቸው እግራቸውን ብርድ ልብስ ውስጥ አድርገው ተቀበሏት። ከበረዶው በፊት ከመምህር ጋር ተጣልተው እንደነበር ራሳቸው ነገሯት።

«አሻንጉሊት አደረግከን አልኩት» አሉ። «ደስ እንዲልህ እየዘለልን ነው አልኩት፣ ሰው ፊት። ሳቀና ዝም አለ። ከገና በኋላ ታርቀናል። ልጄ፣ እኔን ከጠረጠርሽኝ ጠርጥሪ፤ በዚህ ጉልበቴ የትም አላመልጥሽ።»

«የእኔም ጉልበት አያሳድድዎትም» አለች ዓለምነሽ። ሁለቱም ትንሽ ሳቁ። «ቅዳሜ ሲወድቁ የት ነበሩ?»

«እዚያው፣ ሁለት ክንድ ርቀት። ወልደኣብ ቀስ ብሎ በግራ ጎኑ ዘመመና ተገኝ ላይ ወደቀበት። ደረቱ ላይ። ልጁ ባይዘው መሬት ይደርስ ነበር።»

«ተገኝ ላይ? እርግጠኛ ነዎት?»

«ታክሲ ስነዳ ኖሬ መኪና ወዴት እንደሚሄድ ላጣ ነው?»

«ስለ ግራ እጃቸው መጀመሪያ ያወቁት መቼ ነው?»

ሽማግሌው ጥቂት አሰቡ። «ከገና በኋላ በመጀመሪያው ቀን። ሀብተጊዮርጊስ በር ላይ ተቀበለን። ኮታችንን ሳናወልቅ፣ ዛሬ የመምህርን ግራ እጅ ስትነኩ ተጠንቀቁ፣ ባዶ ሆኗል አለን። እውነትም ስንነካው ባዶ ነው። አደነቅን።»

ዓለምነሽ የያዘችውን የሻይ ብርጭቆ ሳትጠጣው መልሳ አስቀመጠች። «ከዚያ በፊት የነካቸው ሰው ነበር?»

«ማን ይነካዋል? በሩ እኮ ገና መከፈቱ ነው!»

ቅዳሜ በተለመደው የልምምድ ሰዓት ሁሉም አዳራሹ ውስጥ ተሰበሰቡ። ፖሊሱ አማርኛ ባይሰማም መጥቶ በሩን ተደግፎ ቆመ። ተገኝ ከሁሉም ርቆ፣ እጁን ኪሱ ውስጥ እንደከተተ ነበር። ወንበር ስለሌለ ዓለምነሽ እያቃሰተች ከፍራሾቹ ሥር መሬት ላይ ተቀመጠች። እንደ ምንም ተቀምጣ ስታበቃ እንዴት እንደምትነሳ አሳሰባት።

«ቶሎ እንጨርሰው» አለች። «ሁላችንም ደክሞናል። ፋጥማ፣ መምህር ቢገፉሽ ወዴት ትሄጃለሽ?»

«ወደ ኋላ። ወደ ፍራሹ።»

«የተገፋ ሰው ከገፋው ሰው ይርቃል። አቶ ሳልሕ፣ መምህር ወዴት ወደቁ?»

«በግራ በኩል ዘመው፣ ተገኝ ላይ።»

«የወደቁት ገፋቸው በተባለው ሰው ላይ ነው። ተገኝ፣ ስማኝ። ውስጣዊ ይሁን ውጫዊ፣ ሰውን ወደ ራሱ የሚስብ ግፊት የለም። አንተ ስትነካቸው እየወደቁ ነበር። ያደረግከው ነገር ቢኖር መያዝህ ነው።»

ሀብተጊዮርጊስ ጉሮሮውን ጠረገ።

«ውስጣዊ ኃይል በእንዲህ ዓይነት ሒሳብ አይለካም ወይዘሮ ዓለምነሽ።»

«እርስዎ ጋ እደርሳለሁ» አለችው። ከአጠገቧ የሟቹን የጨርቅ ጫማ አንስታ አሳየቻቸው። «የግራው አፍንጫ ተበስቷል። ግራ እግሩን የሚጎትት ሰው ጫማ እንዲህ ይሆናል። ቁልፍ መቆለፍ አቅቷቸው ነበር። ደሙ የተጠራቀመው በቀኝ በኩል ነው፤ የቀኙ የአንጎል ክፍል ሲጎዳ የሚሰንፈው የግራው የሰውነት ክፍል ነው። የመምህር ግራ እጅ የመጨረሻው ደረጃ ላይ አልደረሰም። ሽባ እየሆነ ነበር።»

ከሱቁ በኩል ምንጣፍ ሲጎትቱ ይሰማል።

«ሌላ ቦታ ቢሆን» ብላ ቀጠለች፣ ቀስ ብላ፣ «የሽማግሌ እጅ ሲዝል ሰው ሐኪም ይጠራል። እናንተ ግን ለዓመታት መላላትን ስትማሩ የኖራችሁ ናችሁ። እጃቸው ሲዝል አደነቃችሁ።»

ፋጥማ ሁለት እጇን አፏ ላይ ጫነች። «ቀናሁባቸው» አለች ከጣቶቿ ሥር። «ያ ረቢ፣ ቀናሁባቸው እኮ!» አቶ ሳልሕ እጃቸውን ትከሻዋ ላይ አደረጉ፤ እሳቸውም ፊታቸው ጠቁሯል።

ዓለምነሽ እስኪረጋጉ ጠበቀች። ይህን ክፍል አትወደውም።

«ታዲያ ጭንቅላታቸውን ምን መታው? ከበረዶው በፊት ደህና ነበሩ። ከገና በኋላ እጃቸው ዝሏል። ስለዚህ ነገሩ የሆነው አዳራሹ ዝግ በነበረበት ጊዜ ነው። መስኮቱ ሥር ያለውን ራዲያተር ተመልከቱት። ፍራሾቹ ያሉት በዚህ በኩል ነው፣ ምክንያቱም የሚበረው ተማሪ ነው። በመምህር በኩል መከለያ አድርጎ የሚያውቅ ሰው የለም፣ ምክንያቱም መምህር አይወድቁም። አሁን ግን ማዕዘኑ ላይ ስፖንጅ ታስሯል። መምህር ሊወድቁ እንደሚችሉ ያወቀ አንድ ሰው ነበር፤ ሲወድቁ ያየ ሰው።»

«ራሳቸው አስረውት ይሆናል ብዬሻለሁ» አለ ሀብተጊዮርጊስ። አንቱታው ከአፉ አምልጦታል።

«ቁልፍ የማይቆልፍ እጅ ፕላስተሩን በቧንቧው ዙሪያ እንደዚያ አጥብቆ አይጠመጥምም። ቁልፍ ያለው ሌላ ሰው ደግሞ እርስዎ ብቻ ነዎት። ለእኔ የነገሩኝን ልመልስልዎት። እስከ ገና ማግስት አላየኋቸውም አሉኝ። ከዚያም በኋላ ክንዳቸውን አልነካሁም አሉኝ። ባዶነት በዓይን አይታይም፣ በክንድ ብቻ ነው የሚታወቀው አሉኝ። መምህር ስለራሳቸው አንዲት ቃል አይናገሩም አሉኝ። አቶ ሳልሕ፣ ግራ እጃቸው ባዶ ሆኗል ብሎ መጀመሪያ የነገራችሁ ማን ነው?»

«እሱ» አሉ ሽማግሌው። ድምፃቸው ተሰብሯል። «በር ላይ። ኮታችንን ሳናወልቅ።»

«ታዲያ በየትኛው ክንድዎ አወቁት አቶ ሀብተጊዮርጊስ?»

ሀብተጊዮርጊስ ቆሞ ነበር። ወደ ስፖንጁ አየ፤ ከዚያ ግድግዳውን ተደግፎ ወረደና መሬት ላይ ተቀመጠ። የተተኮሰው ሸሚዙ ከጀርባው ተኮማተረ።

«አውቶቡስ ሥራ ሲጀምር መጣሁ» አለ። «በረዶ ዘግቶባቸው ይሆናል ብዬ። በሩን፣ መተላለፊያውን፣ እስከ አስፋልቱ ድረስ ጠረግኩ። ወገቤ ተቆረጠ። ስጨርስ፣ ና ትንሽ እንገፋፋ አሉኝ። እምቢ አይባሉም። እጃቸው ደረቴ ላይ አረፈ። ሁልጊዜ እዘላለሁ። ያን ቀን ደክሞኝ ነበር። ለመዝለል አቅም አጣሁ። ዝም ብዬ ቆምኩ። ሌላ ምንም አላደረግኩም።»

«ግድግዳ እንደገፋ ሰው ወደ ኋላ ተመለሱ» አለች ዓለምነሽ።

«ራዲያተሩ ላይ። ድምፁን እስከዛሬ እሰማዋለሁ። ጭንቅላታቸውን ይዘው ተነሱና ምን እንዳሉኝ ታውቂያለሽ? ሳቁ። "በመጨረሻ!" አሉኝ። "አንድ ሰው ቆመልኝ" አሉኝ። ሆስፒታል እንሂድ ስላቸው፣ ሐኪሜ ልምምድ ከልክሎኛል፣ አዳራሹን ያዘጋብኛል ብለው አስማሉኝ። ከሳምንት በኋላ ስመጣ ግራ እጃቸውን ነካሁት። የለም። ገባኝ። ግን...»

«ግን ባዶነት አልከው» አለች። አንቱታውን እሷም አሁን ጣለችው።

«ብናገር ሁሉም ነገር ይፈርሳል። ምን ሲሆኑ ወደቁ ይሉኛል። አልዘለልኩም ብዬ ልመልስ? ይሄ ሁሉ ዓመት ስንበር የኖርነው ራሳችን ነን ልበላቸው? እኔስ ከእነሱ ሁሉ ርቄ የበረርኩት?» ፊቱን በእጁ ሸፈነ። «እውነት ደረጃ ሆኖ ቢሆንስ እያልኩ ራሴን አታልል ነበር። ግማሹን አምኜዋለሁ።»

«ተገኝስ?» አለች። «ይሄ ልጅ አንድ ሳምንት ሙሉ ልጁን አላቀፈም። ይህንንም ግማሹን አምነህ ነው የነገርከው?»

አቶ ሳልሕ በትግርኛ አንድ ነገር ተናገሩ፤ ከፋጥማ በቀር የገባው ሰው የለም፤ እሷም አልተረጎመችውም።

ዓለምነሽ ለፖሊሱ ነገሩን በእንግሊዝኛ በአጭሩ ነገረችው። ፖሊሱ ፀጉሩን አከከ። ሰው ባለመዝለሉ የሚከሰስበት ሕግ ስለመኖሩ አያውቅም፤ ቢሆንም ቃሉን መቀበል አለበት። ሀብተጊዮርጊስን በጨዋ ደንብ እንዲነሳ ጠየቀው። ሀብተጊዮርጊስ ግን ሳይነሳ ወደ እሷ ዞረ።

«በጊዜው ብወስዳቸው ይድኑ ነበር?»

ብዙ ቤተሰብ ይህንኑ ጠይቋታል፤ አብዛኛውን ጊዜ አይታወቅም ብላ ታልፋለች። ዛሬ ለመዋሸትም ደከማት።

«ብዙዎቹ ይድናሉ» አለች። «ትንሽ ቀዳዳ ከፍተው ደሙን ያወጡታል። ያን ስፖንጅ ቆርጠህ እስክታስር በፈጀብህ ጊዜ ድንገተኛ ክፍል ትደርሱ ነበር።»

ሀብተጊዮርጊስ አንገቱን ነቀነቀ፣ እንደሚያውቀው ሰው። ከመውጣቱ በፊት ተገኝ ፊት ቆሞ «ይቅርታ» አለ። ተገኝ አላየውም። ፋጥማና አቶ ሳልሕ ተደጋግፈው ተከትለው ወጡ፤ አዳራሹ ውስጥ ሁለቱ ብቻ ቀሩ።

«ፖሊሱ ከአንተ ምንም አይፈልግም» አለችው። «ቤትህ ግባ።»

«እሺ» አለ፤ ግን አልተንቀሳቀሰም። እጁ አሁንም ኪሱ ውስጥ ነው። ምክንያቱ ሁሉ ገብቶታል፤ ሰውነቱ ግን ገና አላመነም።

ዓለምነሽ ለመነሳት ሞከረች። አንድ ጉልበቷ እሺ ሲላት ሌላው አስቀመጣት። ደግማ ሞከረችና ተስፋ ቆርጣ ፍራሹን ተደገፈች።

«ሥራህ ሽማግሌ ማንሳት አይደለም እንዴ?» አለችው ተናዳ። «ምን ቆመህ ታየኛለህ? አንሳኝ እንጂ!»

ሁለት እጇን ወደ እሱ ዘረጋች። ተገኝ እጆቿን አያቸው። ከዚያ ቀኙን፣ ቀጥሎ ግራውን ከኪሱ አወጣ፤ መዳፎቹ በላብ ርሰዋል። ሥራ ላይ እንደለመደው ጎንበስ ብሎ፣ አንዱን እጁን ከብብቷ ሥር፣ ሌላውን ከክንዷ ላይ አድርጎ፣ ቀስ ብሎ አነሳት። ቆማ ሚዛኗን እስክትይዝ ድረስ አለቀቃትም።

«አመመዎት?» አላት በፍርሃት።

«ጉልበቴ ብቻ ነው» አለች። «እሱ ደግሞ የቆየ ነው።»

ኮቷን ያዘላትና አብረው ወጡ። ፓርኪንጉ ላይ ስልኩን አውጥቶ ሔርሜላ ጋ ደወለ፤ ልጅቷን አታስተኚያት፣ እየመጣሁ ነው አላት።